መንኮራኩሯ ብርሃንን ለምን አትቀድምም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አክስለሬሽን (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን) ስንማር “ከዜሮ የተነሣ ነገር ፍጥነቱ አክስለሬሽን ሲባዛ በጊዜ ነው” ተባልን። እኔም አንድ መንኮራኩር በየሰከንዱ 9.8 ሜትር በሰከንድ እየጨመረች ሳታቋርጥ ብትሄድ ብዬ አሰላሁ። በ355ኛው ቀን ብርሃንን አለፈችው! ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ታላቅ ወንድሜ “መጀመሪያ ነዳጅ ያልቅባታል” ብሎ ሳቀብኝ። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?
(ግራ የገባት የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ልጄ፣ ስሌትሽ ልክ ነው። እኔም 299,792,458ን ለ9.8 አካፍዬ፣ የመጣውን ሰከንድ ወደ ቀን ቀየርኩት፤ 354 ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆነ። ወንድምሽ ግን ጥያቄሽን ሸሽቶታል። ለመንኮራኩርሽ የማይነጥፍ ነዳጅ እንስጣት። ያም ሆኖ ብርሃንን አታልፍም።

በአንቺ ዕድሜ እኔም ይህንኑ ሠርቼ ነበር፤ እንዲቀለኝ 9.8ን 10 አድርጌ። መምህራችን ደብተሬን አይተው “ብርሃን አይታለፍም” ብለው በቀይ ሰረዙበት። ለምን ብላቸው “ሕግ ነው” አሉኝ። ያ ቀይ መስመር ለዓመታት ሲከነክነኝ ስለኖረ ባንቺ ላይ አልደግመውም።

ጉዱ ያለው ቀመሩ ሳይናገር ባለፈው ነገር ውስጥ ነው። የዚህኛው ሰከንድ ጭማሪ ባለፈው ላይ ምንም ሳይጎድል ይደመራል ብሎ ያስባል። ለመኪናና ለኳስ ይህ ከበቂ በላይ ልክ ነው፤ ልዩነቱን በየትኛውም ሰዓትና ሜትር አታገኚውም። ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ሲጠጋ ግን መደመሩ ራሱ ይለወጣል። መንኮራኩሯ በብርሃን ግማሽ ፍጥነት እየሄደች፣ ከእሷ አንጻር በብርሃን ግማሽ ፍጥነት የሚሄድ ጥይት ወደፊት ብትተኩስ፣ ግማሽና ግማሽ አንድ ሙሉ ይሆናል ትያለሽ። መሬት ላይ ቆመን የምንለካው ግን የብርሃንን አራት አምስተኛ ብቻ ነው። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው የፍጥነት አደማመር ይህ ነው።

ስለዚህ ተጓዡ በመንኮራኩሯ ወለል ላይ ልክ ምድር ላይ እንደቆመ ክብደቱ ይሰማዋል፤ ለእሱ ግፊቱ አንድም ቀን አልቀነሰም። ከምድር ሆነን ስንለካ ግን ጭማሪው እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። አንቺ ብርሃን ላይ ደረሰች ባልሽበት በ354ኛው ቀን ፍጥነቷ በሰከንድ 212,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ708ኛው ቀን ደግሞ 268,000 ገደማ። የሁለተኛው ዙር ጭማሪ ምን ያህል እንደቀጠነ አየሽ? (በነገራችን ላይ የእኛ ሰዓት 354 ቀን ሲል የተጓዡ 312 ቀን ያህል ነው የሚለው። እሱን ሌላ ጊዜ ጠይቂኝ።)

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1964 የፊዚክስ ተመራማሪው ዊሊያም በርቶዚ ኤሌክትሮኖችን 8.4 ሜትር ርቀት ላይ እያስሮጠ ጊዜያቸውን ለካ። ብርሃን ያንን ርቀት በ28 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ጉልበታቸውን ቢጨምር፣ ቢጨምር ማንም ከዚያ ቀድሞ አልደረሰም። በትልቁ ጉልበት ላይ የክፍላችን የጉልበት ቀመር “ከብርሃን 7 እጥፍ በላይ ይሮጣሉ” ይል ነበር። ምናልባት ጉልበቱ ኤሌክትሮኖቹ ጋ ሳይደርስ ጠፍቶ ይሆን? እኔ የምወደው ክፍል እዚህ ጋ ነው፤ በርቶዚ መጨረሻቸው ላይ የአሉሚኒየም ዲስክ ደቅኖ ሲመቱት ምን ያህል እንደሚሞቅ ለካ። ጉልበቱ አልጠፋም፣ ሙቀት ሆኖ ተገኘ። ወደ ፍጥነት ግን አልተለወጠም። ሰርን በተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል ውስጥ የሚሮጡትን ፕሮቶኖች ብርሃን የሚቀድማቸው በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ፍጥነት ማለት ነው። ያቺን 3 ሜትር ለመሙላት ግን በዓለም ያለው ጉልበት ሁሉ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ኳስ ወደ ላይ ስወረውር ጫፍ ላይ ስትደርስ ለቅጽበት ትቆማለች። ታዲያ እዚያ አክስለሬሽኗ ዜሮ አይደለም?
(ከልጁ ጋር የተከራከረ አባት)

መልስ፦ ልጅዎ “አይደለም” ብሎ ከሆነ አሸንፎዎታል። ዜሮ የሆነው ቬሎሲቲዋ (ፍጥነቷ ከነአቅጣጫው) ነው። አክስለሬሽን ቬሎሲቲ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን ነው፤ የቆመ ነገርም ሊለወጥ ይችላል። ከጫፍ ጥቂት ቀደም ብሎ ኳሷ ወደ ላይ ነበረች፣ ጥቂት ቆይቶ ወደ ታች ነች። እንግዲህ በመካከል ያለማቋረጥ እየተለወጠች ነው፤ ስትወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ስትወርድም ወደ ታች 9.8። ጫፍ ላይ ዜሮ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ኳሷ እዚያው አየር ላይ ተሰቅላ ትቀር ነበር።