ስደተኛ ብናስጠጋ ሕግ መጣስ ነው ወይ?

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር አምዱ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ ወር በገባ በ6 የቁስቋም ማርያምን ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን፤ እኔ ሙሴያቸው፣ የማኅበሩ መሪ ማለት፣ ነኝ። በቅርቡ አንዲት ሱዳናዊት እናት ከሦስት ልጆቿና ከአማቷ ጋር የአንዷን ማኅበርተኛችንን ሰርቪስ ክፍል ልትከራይ መጣች። ከካርቱም ሸሽተው በመተማ የገቡት በቪዛ ነው፤ ቪዛው ግን ካለፈ ቆይቷል። የአማቷ ፓስፖርት መንገድ ላይ ጠፍቷል። ቅጣት ይቆጠርብናል፣ ይመልሱናል ብለው ስለፈሩ የትም አልተመዘገቡም።

ነገሩን ማኅበር ላይ ባነሣ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ትልቅ አባት ለባለ ሥልጣን ተገዙ የሚለውን ሮሜ 13ን ጠቅሰው «ሕግ ያላወቃቸውን ማስጠጋት የወንጀል ተባባሪ መሆን ነው» አሉ። ሴቶቹ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና የሚለውንስ የት እናድርሰው?» ብለው ተነሡ። አንድ ወጣት ደግሞ በስልኩ የሚከታተለውን የአሜሪካኖችን ክርክር አምጥቶ «ፍቅር ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ቤተሰብ፣ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ የአገር ልጅ። ራሳችን ተፈናቃይ ሞልቶን የለም ወይ?» አለ። «እመቤታችን ግብፅ ስትወርድ ቪዛ ነበራት?» ያለችም አልጠፋች። ሮሜ 13ን ያነበቡልን አባት የገዛ ልጃቸው በዚሁ በመተማ አድርጎ ሊቢያ ከገባ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ ይህን ፊታቸው ላይ ያነሣ የለም።

ሰዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ «ለመጠመቅ ከፈቀዱ እንርዳቸው» የሚሉ አሉ። ቀበሌ ልሂድ ወይስ ዝም ልበል? ከማኅበሩ ሣጥንስ ማውጣት ይገባል?

የማኅበሩ ሙሴ፣ ከጎንደር

መልስ

ክቡር ሙሴ፣

አስጠጓቸው፤ ግን አትደብቋቸው።

ተጣሉ የተባሉት ሁለቱ ጥቅሶች በእናንተ ጉዳይ አይጣሉም፤ ሕጉ ራሱ ከጦርነት ለሸሸ ሰው በር ከፍቷልና። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከዚያ የወጣ ሰው እዚህ ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሰውን ሕይወቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስን ይከለክላል። በ1969 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትም በግሉ የሚሳደደውን ብቻ ሳይሆን አገሩ ሰላም አጥቶ የሸሸውንም ስደተኛ ይለዋል። የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 31 ደግሞ ከአደጋው ቦታ በቀጥታ የመጣ ሰው ሳይዘገይ ቀርቦ ምክንያቱን ካስረዳ፣ ያለ ፈቃድ በመግባቱ ወይም በመገኘቱ እንዳይቀጣ ይላል። በቪዛ መግባታቸውም ከመጠየቅ አያግዳቸውም። አባታችን «ሕግ ይከበር» ማለታቸው ልክ ነው፤ ይህም ሕግ ነው። የጎደለው ምዝገባ ነው፤ በዘገዩ ቁጥርም ማስረዳቱ ይከብዳል።

ሮሜ 13ን ከላይና ከታች ቆርጦ ማንበብ የተለመደ ነው። ሰኔ 2010 የአሜሪካው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄፍ ሴሽንስ፣ ድንበር ላይ ልጆችን ከወላጆች ይለይ ለነበረው አሠራር መከላከያ ያደረጉት ይህንኑ ምዕራፍ ነበር። ጳውሎስ ግን መልእክቱን በምዕራፍ አልከፈለውም፤ ጥቂት ከፍ ብሎ በ12፥13 «እንግዶችን ለመቀበል ትጉ»፣ ዝቅ ብሎ በ13፥10 «ፍቅር የሕግ ፍጻሜ ነው» ይላል። ለሴቶቹም አንድ ነገር ልበል፤ ዘሌዋውያን 19፥34 መጻተኛውን እንደ ራስህ ውደድ ባለበት መጽሐፍ፣ 24፥22 ላይ ለመጻተኛውና ለአገር ልጅ ሕጉ አንድ ይሁን ተብሏል። የእመቤታችን ቪዛ ክርክር ግን ይቅር። አንዱ «ከሄሮድስ ግዛት ሸሽተዋል» ሲል ሌላው «ግብፅም ያው የሮም ነበረች» ይላል፤ ፍሬ የለውም። ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌን ጾሞ ኅዳር 6 ቁስቋምን የሚያከብር፣ ያውም እቴጌ ምንትዋብ በዚያ ስደት መታሰቢያ ባሠሩት ደብር ጥላ ሥር የሚኖር ማኅበር ስለ ስደት ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

የወጣቱ ክርክር ባዶ አይደለም፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ለቤተ ሰዎቹ የማያስበውን አጥብቆ ይነቅፋል። ጥር 2017 የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ጄ. ዲ. ቫንስ ይህንኑ ቅደም ተከተል ሲያነሡ፣ ፖፕ ፍራንሲስ በየካቲት ለአገሪቱ ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ አስታወሱ። አገር ስንት ሰው ያስገባ፣ ድንበሩን እንዴት ይጠብቅ በሚለው ምእመናን ቢለያዩ ነውር የለውም። እናንተን ግን ስለ ኮታ የጠየቃችሁ የለም።

ወደ ሥራው እንግባ። ስደተኛን የሚመዘግበው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ ቀበሌ ጥገኝነት አይሰጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ምዝገባ፣ ከዚያ ቀበሌ። ፓስፖርት፣ የመግቢያ ማኅተም ያረፈበት ገጽ ኮፒ፣ የልጆቹ የልደት ወረቀትና የክትባት ካርድ፣ ስልክ ውስጥ የቀረ የአማቷ ፓስፖርት ፎቶ ካለ እሱም ይያዝ። አምስቱም አብረው ይቅረቡ፤ «ልጆቹን በኋላ» ከተባለ ራሽኑም ትምህርት ቤቱም ወረቀቱ ላይ ባለው ስም ነው የሚሄደው።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከስምና ከቀን ነው። የሱዳኖች ሙሉ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያትና የቅድመ አያት ስም ይይዛል፤ የእኛ ቅጽ ላይ ያለው ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ቢሮ የመጨረሻውን ይጥላል፣ ሌላው የመካከለኛውን፤ እናትና ልጅ በወረቀት ባዳ ሆነው ያርፋሉ። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ይጻፍ። ቀኑም እንዲሁ፤ በእነሱ አቆጣጠር በ2016 የተወለደ ልጅ በእኛው 2016 ተብሎ ከገባ፣ ትምህርት ቤት የደረሰው ልጅ በወረቀት ሕፃን ሆኖ ይቀራል። ከመፈረማቸው በፊት አንድ ሰው ቅጹን ጮክ ብሎ ያንብብላቸው።

ከመተማ ነጋዴዎች መካከል ዐረብኛ የሚያስተረጉም አይጠፋም። «ጉዳዩን እጨርሳለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ግን ደላላ ነው፤ ምዝገባው ክፍያ የለውም። ለቃለ መጠይቁ ታሪክ አታስጠኗቸው፤ የቪዛውን ማለፍ ጨምሮ የሆነውን ብቻ ይናገሩ። የተጠና ታሪክ ሁለተኛ ሲጠየቅ ይፈርሳል፤ እውነተኛውንም ይዞት ይወድቃል። የሚሰጣቸውን ወረቀት በዚያው ቀን ፎቶ አንሡት፣ የሚያበቃበትንም ቀን መዝግቡ።

ተመዘገቡ ማለት ከተማ ይኖራሉ ማለት አይደለም። መጠለያ ጣቢያ ሊመደቡ ይችላሉ፤ ከጣቢያ ውጭ መኖር ለብቻው ይጠየቃል። ስለዚህ በየወሩ የሚታደስ የጽሑፍ ውል ይበቃል፤ ከወረቀታቸው ኮፒ ጋር ቀበሌ አስመዝግቡት። ኪራዩ ጎረቤት ከሚከፍለው አይብለጥ፤ ፓስፖርታቸውንም በመያዣነት አትቀበሉ። በራሳችሁ መኪና ወደ ሌላ ከተማ አትውሰዷቸው። የእገታው ስጋት አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ኬላ ላይ አሻጋሪ ተብላችሁ ልትያዙ ትችላላችሁ፤ በሰው መነገድንና ሰው ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ቀልድ አያውቅም። «በዝምድና የቀበሌ መታወቂያ ላውጣላቸው» የሚልም ይመጣል፤ እዚህ ላይ ሮሜ 13 በሙሉ ክብደቱ ይሥራ።

ሣጥኑ ለታመመና ለሞተ ማኅበርተኛ የተዋጣ ከሆነ አትንኩት፤ ሌላ ሣጥን ክፈቱ፤ ወጣቱም ይረካል። ሒሳቡን ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬና 30 ግራም ዘይት አድርጋችሁ አስሉት፤ ለአምስት ሰው በወር 60 ኪሎ እህል፣ 9 ኪሎ ምስር፣ ዘይት 5 ሊትር ገደማ ነው። ከጤፍ ይልቅ የማሽላ ዱቄት ስጡ፤ ኪስራ የሚሉትን እንጀራቸውን የሚጋግሩት በማሽላ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። የጽዋ ዕለት ሥጋ አትላኩላቸው፤ የእኛን እርድ እንደማይበሉ ታውቃላችሁ።

«ከተጠመቁ» የሚለውን ዛሬውኑ ዝጉት። ማቴዎስ 10፥8 በከንቱ የተቀበላችሁትን በከንቱ ስጡ ብሏል፤ ለዱቄት ሲል የተጠመቀ ሰው ለእናንተም ለራሱም አይሆንም።

የአባታችንን ልጅ ነገር ማኅበር ላይ አለማንሣታችሁ ደግ አድርጋችኋል፤ ለክርክር ማሸነፊያም አታድርጉት። ለብቻ ጠርታችሁ ግን ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ይዛችኋቸው ሂዱ፤ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልገው አገልግሎት በነፃ ነው። የልጁን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታና ዘመን፣ ፎቶ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበትን ቀን፣ ቦታና ቁጥር፣ አብሮት የወጣ ጓደኛ ካለም ስሙን ይዘው ይቅረቡ። እስከዚያው «ልጅህ በእጃችን ነው» ብሎ ብር የሚጠይቅ ቢደውል፣ ልጁ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጠይቀው ሳያረጋግጡ አንድ ብር እንዳይልኩ ንገሯቸው።