ባለ ሁለት ምት ሞተር ለያዛችሁ ልጆቼ

የሞተር መጋዝ፣ የጀልባ ሞተር ወይም የጀርባ መድኃኒት መርጫ ይዛችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ሁሉ፣ እንደምን ከርማችኋል?

እኔ ባህር ዳር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ትንንሽ ሞተሮችን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከፈታኋቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ውስጥ ብዙዎቹ የሞቱት በእርጅና አይደለም። ገመዳቸው ገና ሳይሳብ፣ ቤንዚንና ዘይቱ ሲቀላቀል፣ ጀሪካን ውስጥ ነው ያለቀላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ሞተር ከሥሩ የዘይት መያዣ አለው። ዘይቱ እዚያ ተቀምጦ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ሲቆሽሽ ይቀየራል። የእናንተ ሞተር ግን ለዘይት የተለየ ቤት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን) እና ፒስተኑን አርሶ ያልፋል፣ ከዚያ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል። አንድ ጊዜ ካለፈ አይመለስም። መጋዝ ደግሞ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ዘይት ሲጎድልበት ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነበር። ከእንጅባራ አካባቢ አንድ ባህር ዛፍ ቆራጭ መጋዙን አመጣልን። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር አጠብኩ፣ እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለመሞከሪያ ነዳጅ ሞላሁለት። ጥግ ላይ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሁለቱም የምግብ ዘይት የነበረባቸው ናቸው። በአንዱ ቅልቅል አለ፣ በሌላው ንጹህ ቤንዚን። እኔ ያነሳሁት ሁለተኛውን ነው።

ሰውዬው ደጃፋችን ላይ ግንድ እየቆረጠ ሞከረው። መጀመሪያ እንዲያውም ከወትሮው ፈጠነ። ደስ አለን። ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣ ወደ ፉጨት ተጠጋ፣ ድንገት ቀጥ አለ። ገመዱን ብንስብ ንቅንቅ አልል አለ። ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ማለት ነው፣ ፈትቼ በቀዳዳው ወደ ውስጥ አየሁ። ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል። አሉሚኒየሙ ቀልጦ ፋሻውን፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ቦታው ላይ አጣብቆታል።

ፒስተኑና ሲሊንደሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ ተተካለት። እሱ ግን ዕቃው እስኪገኝ ድረስ ሳምንታት ያለ ሥራ ተቀመጠ። የገንዘቡን ነገር ረስቼዋለሁ። መጋዙን ጭኑ ላይ አድርጎ ደጃፋችን ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቅልቅሉ ጀሪካን አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። ማንበብ የማይችልም ያውቀዋል፣ በጨለማም በእጅ ይዳሰሳል። ጽሑፍ ቤንዚን ሲነካው ይለቃል፣ ጨርቅ ግን ይቆያል። የሁለት ምት ዘይት አምራቾችም ብዙ ጊዜ ዘይቱን ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚያደርጉት ቅልቅሉ ከንጹህ ቤንዚን እንዲለይ ነው። ስትጠራጠሩ ትንሽ በብርጭቆ ቀድታችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ብርጭቆው ግን ከዚያ ወዲያ የመጠጥ ብርጭቆ አይደለም።

ልኩን በተመለከተ፣ 50 ለ1 ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ለ5 ሊትር 100 ሚሊ። 25 ለ1 ከሆነ እጥፉ፣ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ። የትኛው ነው ለሚለው መልሱ መመሪያው ላይ ወይም ታንኩ ክዳን አጠገብ ተጽፏል። የጎረቤታችሁ ሞተር ሌላ ነው፣ የእናንተ ሌላ። አንዳንድ የጀልባ ሞተር ደግሞ አዲስ እያለ፣ ለማላመጃው ጥቂት ሰዓታት፣ ዘይቱ እንዲበዛለት ይፈልጋል። በሲኒ ወይም በጠርሙስ ክዳን አትለኩ፣ ሲኒ ከሲኒ ይለያል። ፋርማሲ ሄዳችሁ ትልቁን ሲሪንጅ ግዙ። ዋጋው ከአንድ ካንዴላ አይበልጥም።

አንዳንዱ ልጅ ለሞተሩ አዝኖ ዘይት ይጨምርለታል። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ሞተሩን ግን ይጎዳዋል። ካርቡሬተሩ የሚያሳልፈው መጠን የተወሰነ ነው። ዘይት ሲበዛ የቤንዚኑን ቦታ ይይዛል። ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ የጭስ መውጫው በጥላሸት ይጠባል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ልኩ ልክ ነው።

ስትቀላቅሉ መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን አድርጉ። ከዚያ ዘይቱን በሙሉ ጨምሩና ክዳኑን አጥብቃችሁ ናጡት። ከዚያ የቀረውን ቤንዚን ጨምራችሁ ድገሙ። በሞተሩ ታንክ ውስጥ መቀላቀል ክልክል ነው። ዘይቱ ሳይዋሃድ ቀድሞ ይወርድና ያፍነዋል፣ በኋላ ደግሞ ባዶ ቤንዚን ይደርሰዋል።

የመኪና ዘይት ይሆናል ወይ ትሉኛላችሁ። አይሆንም። የመኪና ዘይት ሲቃጠል አመድ የሚተው ነገር አለበት። አመዱ ካንዴላው ላይና ፋሻው ቦይ ውስጥ ይጋገራል። ከሁለት ምት ዘይቶችም መካከል ልዩነት አለ። ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል የተጻፈበት በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራ ነው። መጋዝ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፣ ሙቀቱም ይበልጣል። ለእሱ ጃሶ ኤፍ ዲ የተባለውን፣ ወይም አምራቹ ያዘዘውን ፈልጉ።

በአገራችን አንድ ሌላ ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። እዚያ ካርቡሬተሩ ቤንዚኑ ተቀንሶ የተስተካከለ መጋዝ ጋምቤላ ወይም መተማ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል። ቤንዚኑ ያንሰዋል። ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ያንሰዋል ማለት ነው። ቆላ ስትወርዱ ከሥራ በፊት ካርቡሬተሩን አስተካክሉ።

ማስቀመጡ ላይ በጣም አደራ እላችኋለሁ። ቅልቅል ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው ማስቲካ የመሰለ ዝቃጭ ያበጅና የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ከ30 ቀን በላይ አታቆዩት። የምትቀላቅሉት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሥራ የሚበቃችሁን ብቻ ይሁን። በ2001 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ 5 ከመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን መሸጥ ሲጀምር፣ በኋላም ወደ 10 ከመቶ ከፍ ሲል፣ ብዙ መካኒክ አንድ ነገር ተማረ። ኤታኖል ውሃ ይስባል። ውሃው ሲበዛ ከኤታኖሉ ጋር ከቤንዚኑ ተለይቶ ታች ይቀመጣል። ታች የተቀመጠውን ደግሞ መጀመሪያ የሚጠጣው ሞተሩ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ይጠበቅ፣ ጀሪካኑ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ ፀሐይም አይንካው። ሥራ ካቆማችሁ ታንኩን ባዶ አድርጉና ሞተሩን አስነስታችሁ ራሱ እስኪጠፋ ተዉት።

ቤንዚን ሲጠፋ ሁላችንም ጀሪካን እናስቀምጣለን፣ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ መኝታ ቤትና ኩሽና አታስገቡት። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ተስቦ ሌላ ክፍል ያለ የቡና ከሰል ጋ ይደርሳል። እሳቱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በሃይላንድ ቀድታችሁም አታስቀምጡ። ቀይ ወይም አረንጓዴ ቅልቅል በውሃ ላስቲክ ውስጥ ለልጅ ለስላሳ ነው የሚመስለው። ክፉ አያምጣና ልጅ ከጠጣ፣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፣ ወተትም አታጠጡት። ሲያስመልሰው ቤንዚኑ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የሞቀ ሞተር ላይ ነዳጅ አትሙሉ፣ ይቀዝቅዝ። ከሞላችሁ በኋላም ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ ብላችሁ አስነሱት። ቆይቶ የተበላሸ ቅልቅል ካላችሁ ቦይ ውስጥ ወይም ሐይቅ ዳር አትድፉት። የጣና ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚጥለው እዚያው ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ለብቻው በተዘጋ ዕቃ አጠራቅማለሁ፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስቡ ሰዎች ሲመጡም ምንነቱን ነግሬ አስረክባቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሞተራችሁ አስቸግሯችሁ ወደ መካኒክ ስትሄዱ ሞተሩን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ከቅልቅላችሁ በትንሽ ብርጭቆ የሚሆነውን በማያፈስ ዕቃ ያዙ፣ የዘይቱንም ጣሳ ጨምሩ። እኔ ብሆን ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት የማየው እሱን ነው።