ከነፃ ሉፕ የተሠራ ሙዚቃ፦ «ተሰረቅሁ» ከማለትዎ በፊት

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ በኮምፒውተር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እሠራለሁ። የምጠቀመው ኤልኤምኤምኤስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር፣ የተወሰኑ ቪኤስቲዎችን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችን) እና ከኢንተርኔት የማወርዳቸውን «ሮያሊቲ ፍሪ» ሳምፕሎች (ሙዚቃ ውስጥ የሚገቡ አጫጭር የድምፅ ቅጂዎች) ነው። በ128 ቢፒኤም (በደቂቃ 128 ምት) የሠራሁትን አንድ ሥራ ሙዚቃን ወደ ኢንተርኔት መደብሮች በሚያደርስ አከፋፋይ ድርጅት በኩል ለቅቄ ነበር። በቅርቡ አንድ የማላውቀው ሰው የሙዚቃዬን መግቢያ 15 ሰከንድ እንዳለ በዩቲዩብ ቪዲዮው ላይ ሲጠቀም ተያዘ። ይባስ ብሎ ተቃውሞ አቀረበ። አከፋፋዩም እሱን ትቶ እኔን «የባለቤትነት ማስረጃ አቅርብ» ይለኛል፤ ገቢዬንም አግዶታል። ሰውየውን መክሰስ እችላለሁ? አከፋፋዩንስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ሁለት ቁጥሮች ላንሳ፤ 128 ቢፒኤም እና 15 ሰከንድ። በባር 4 ምት የሚቆጠር ሙዚቃ 8 ባር ሲሞላ 32 ምት ይሆናል። በደቂቃ 128 ምት በሚሄድ ፍጥነት 32 ምት ልክ 15 ሰከንድ ይፈጃል። የዜማ ሉፖች፣ ማለትም እየተደጋገሙ እንዲጫወቱ የተዘጋጁ ሳምፕሎች፣ በብዛት የሚዘጋጁት በ4 ወይም በ8 ባር ነው። ስለዚህ ያልጻፉልኝን ልጠይቅዎ፦ ያ መግቢያ ካወረዱት የሳምፕል ጥቅል እንዳለ የተቀመጠ፣ ከበሮ እንኳ ያልገባበት ሉፕ አይደለም? ከሆነ ሰውየው ከእርስዎ አልወሰደም፤ ሁለታችሁም ከአንድ ጉድጓድ ቀድታችኋል። ሉፑን የሠራው እሱ ራሱ የመሆኑ ዕድልም አለ። ያን ጊዜ «ሰረቀኝ» የሚል የክስ ማመልከቻ በእጅዎ ይዘው ፍርድ ቤት መቅረብ ለእሱ ማስረጃ ማቀበል ይሆናል።

ሁለተኛው የዘለሉት ነገር «ተያዘ» የምትለው ቃል ውስጥ ተደብቋል። ማን ያዘው? ዩቲዩብ በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኮንቴንት አይዲ የተባለው ሥርዓት በራሱ ተነሥቶ ማንንም አይይዝም። አንድ ሰው «ይህ ድምፅ የእኔ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ከተሰማ ያዙልኝ» ብሎ ማመሳከሪያ ፋይል ሲያስገባለት ብቻ ነው የሚሠራው። እርስዎ ሥራዎን ለአከፋፋዩ ሲያስገቡ ከማኅበራዊ መድረኮች ገቢ ስለመሰብሰብ የምትናገር አንዲት ሳጥን ነበረች፤ ምልክት አድርገውባታል። ካላደረጉ ይህ ሁሉ ነገር ባልመጣ ነበር። አላስታውስም ይሉኝ ይሆናል። ገብተው ይመልከቱና የገጹን ምስል አንስተው ያስቀምጡ።

መደበኛውን ሕግ በአጭሩ ልለፈው። የቅጂ መብት ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይወለዳል፤ ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ውል፣ የበርን ስምምነት፣ ምዝገባን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም። አንድ ሉፕ ሁለት መብት ተሸክሟል፤ አንዱ በዜማው ድርሰት፣ ሌላው በድምፅ ቅጂው ላይ። «ሮያሊቲ ፍሪ» ማለት በተጠቀሙ ቁጥር ተጨማሪ ክፍያ አይጠየቁም ማለት ነው እንጂ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሠሪዎች ሥራቸውን ሌላው እንዲጠቀምበት የሚፈቅዱበት የፈቃድ ዓይነት) ያለበትን ሳምፕል በተመለከተ፦ ሲሲ ዜሮ ከሆነ የፈለጉትን ያድርጉ፤ ሲሲ ባይ ከሆነ የሠሪውን ስም ይጥቀሱ፤ ኤንሲ ካለበት ለገበያ አይውልም፤ ኤንዲ ካለበት ቀይረው ማሠራጨት አይችሉም፤ ኤስኤ ካለበት የእርስዎም ሥራ በዚያው ፈቃድ መውጣት ይኖርበታል። «እስካሁን ሳንቲም አላገኘሁበትም» የሚለው መከላከያ ለኤንሲ አይሠራም። የሚታየው አጠቃቀሙ ወደ ንግድ ጥቅም ያዘነበለ መሆኑ ነው፤ በአከፋፋይ በኩል ለገበያ የተለቀቀን ሥራ ደግሞ ያላዘነበለ ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ስም መጥቀስ ረስተው ከሆነ አይደናገጡ፤ በፈቃዱ 4.0 ቅጂ መሠረት ጥፋቱን ባወቁ በ30 ቀን ውስጥ ካረሙት ፈቃዱ በራሱ ተመልሶ ይጸናል።

ኤልኤምኤምኤስ የሚሠራጨው ጂፒኤል በሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ነው። ያ ፈቃድ የሚገዛው ፕሮግራሙን ነው፤ በእሱ የሠሩት ሙዚቃ የእርስዎ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚመጡ ሳምፕሎች ግን የራሳቸው ቃል ሊኖራቸው ስለሚችል ለየብቻ ይታዩ። ቪኤስቲዎቹን ከየት እንዳገኟቸውም አልነገሩኝም፤ ዝም ያሉበትን ምክንያት መገመት አያቅተኝም። የተሰበረ (ያለ ፈቃድ ቁልፉ የተከፈተ) ኮፒ ካለበት ክርክር ከመጀመርዎ በፊት ለጠበቃዎ ይንገሩት። ከተቃራኒ ወገን አፍ መስማት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ፤ ይህን ዓይነት ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሁሉ የሚወድቁበት እዚህ ነው። ሳምፕሉን የተጠቀሙበት ፈቃድ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። ሙዚቃውን መልቀቅም መሸጥም ተፈቅዶልዎት ይሆናል። ግን የተሰጠዎት ብቸኛ መብት አይደለም። ያው ፈቃድ ጥቅሉን ላወረደ ሁሉ ተሰጥቷል፤ ሺህ ሰው ቢያወርደው ሺህ ሰው ያንኑ 8 ባር በሕጋዊ መንገድ ይጠቀማል። እርስዎ በብቸኝነት የያዙት የጨመሩትን ብቻ ነው፤ ቤዙን፣ የከበሮውን አደራደር፣ በላዩ ያስኬዱትን ዜማ፣ ክፍሎቹን ያያያዙበትን መንገድ። ኮንቴንት አይዲ ደግሞ የሚቀበለው ብቸኛ መብት ያለበትን ድምፅ ነው። ያለ ብቸኝነት በፈቃድ የተገኘ ሙዚቃ ለማመሳከሪያነት እንደማይቀርብ ደንቡ በግልጽ ይናገራል። የብዙ ሳምፕል ጥቅሎች ፈቃድም ይህንኑ በአንድ አንቀጽ ይከለክላል፤ አንቀጹ ግን ሰው አንብቦ የማይደርስበት ወገብ ላይ ይቀመጣል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከፋው በቴክኒኩ ምክንያት ነው። ሥርዓቱ የሚያነጻጽረው የድምፁን አሻራ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሠራው አያውቅም። አንድ የከበሮ ምት (ኪክ ወይም ሃይ-ሃት) አጭር ስለሆነና ከሌላ ድምፅ ጋር ስለሚደባለቅ ብቻውን አሻራ ሆኖ መያዙ ብርቅ ነው። 15 ሰከንድ ብቻውን የሚሰማ የፒያኖ፣ የፓድ ወይም የሰው ድምፅ ሉፕ ግን የተሟላ አሻራ ነው። እርስዎ መግቢያ ላይ ሉፑን ራቁቱን ሲያስቀምጡ ሳያውቁት የሌላውን ሰው ፋይል በስምዎ አስመዘገቡ። ከዚያ ወዲያ ያንን ሉፕ የተጠቀመ ሁሉ፣ ሠሪውም ጭምር፣ በእርስዎ ስም ይያዛል፤ የቪዲዮው ገቢም ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። አከፋፋዩ ገቢዎን ያገደው ለዚህ ነው፤ እኔም የእሱ ጠበቃ ብሆን የምመክረው ያንኑ ነበር። ሲመዘገቡ የተስማሙበትን ውል አውጥተው ያንብቡ። «የሥራው ሙሉ መብት አለኝ» የሚል ማረጋገጫና «ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ጉዳቱን እክሳለሁ» የሚል ግዴታ በውስጡ አለ ብዬ እገምታለሁ። ከሳሽ መሆን የፈለጉበት ጉዳይ በውሉ በኩል ተጠያቂ ሊያደርግዎት ይችላል።

«ሉፑን ቆርጬዋለሁ፣ ፒቹን (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) ቀይሬዋለሁ» የሚል መልስ ከመጣ፣ መቀየር አሻራውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ባለቤትነትን ግን አያዛውርም። «ከጥቂት ሰከንድ በታች ነፃ ነው» የሚለውን ወሬም ይተዉት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 2 ሰከንድ ስለሚሆን ሳምፕል ሲወስን፣ አጭርም ቢሆን በጆሮ የማይለይ እስኪሆን ካልተቀየረ በቀር የቅጂውን አዘጋጅ ፈቃድ ይጠይቃል ብሏል። በአሜሪካ አንዱ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. «ፈቃድ ውሰድ ወይም አትንካ» ሲል፣ ሌላው በ2016 እ.ኤ.አ. የ0.23 ሰከንድ ቁራጭን እዚህ ግባ የማይባል ነው ብሎ አልፎታል። የሚኖሩበትን አገር ስላልነገሩኝ በየትኛው እንደሚዳኙ ልነግርዎት አልችልም። ለዚህም ነው የአገርዎን የአእምሯዊ ንብረት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ የምለው።

መጀመሪያ ማድረግ ያለብዎት ማረጋገጥ ነው። የመጀመሪያውን የሉፕ ፋይልና የመግቢያዎን 15 ሰከንድ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ በሁለት መስመር ላይ ይክፈቱ፤ አጀማመራቸውን በጣም አጉልተው ያስተካክሉ፤ የድምፅ መጠናቸውን እኩል ያድርጉ፤ ከዚያ አንዱን «ኢንቨርት» አድርገው (ሞገዱን ገልብጠው) አንድ ላይ ያጫውቱ። ጸጥታ ከሆነ ወይም እጅግ ደካማ ድምፅ ከቀረ ፋይሉ ያው ነው። ሁለቱም ዌቭ ፋይል ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ 44,100 ሌላው 48,000 ሄርዝ ከሆነ ወይም ሪቨርብ (ማስተጋባት) ካለበት ጸጥታው ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ድምፅ ቢሰሙም «የእኔ ነው» ለማለት አይቸኩሉ። ይህ ሙከራ ጥፋትን ያሳያል እንጂ ንጽሕናን አያረጋግጥም።

ቀጥሎ ሰነድ። የኤልኤምኤምኤስ የፕሮጀክት ፋይሉን (ኤምኤምፒዜድ) አሁን ከፍተው «ሴቭ» አይበሉት፤ ቀኑ እንዳይለወጥ መጀመሪያ ኮፒውን ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ። የወረደውን ዚፕ ፋይል ሳይፈቱት ያኑሩ፤ ውስጡ ያለውን የፈቃድ ጽሑፍ ያትሙ። ጽሑፉ ከሌለ የድረ ገጹን የዛሬ ሳይሆን ባወረዱበት ጊዜ የነበረውን ቃል የድረ ገጾችን የቀድሞ ቅጂ ከሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ይፈልጉ፤ ገጾች ፈቃዳቸውን ይለውጣሉ። ከዚያ በሙዚቃው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ድምፅ በዝርዝር ይጻፉ፤ የፋይሉን ስም፣ ምንጩን፣ የወረደበትን ቀን፣ የፈቃዱን ዓይነት፣ ከስንተኛው ሰከንድ እስከ ስንተኛው እንደሚሰማ። ምንጩን የማያስታውሱት ድምፅ ካለ ባዶውን ይተዉት፤ በግምት አይሙሉ። ጥቅሉ ራሱ ከሌላ ሰው አልበም ተቆርጦ የተሠራ ሊሆን ይችላልና፣ «ነፃ» ብሎ የለጠፈው ሰው መብት ከሌለው ለእርስዎም ያስተላለፈው ነገር የለም።

የጊዜውን ነገር ልብ ይበሉ። ሰውየው ተቃውሞ ካቀረበበት ቀን ጀምሮ መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ዝም ከተባለ ይዞታው (ቪዲዮው ላይ በእርስዎ ስም ያረፈው የባለመብትነት ጥያቄ) ይነሣል፤ እኔ ግን ዝም ከማለት ይልቅ በግልጽ መልቀቅን እመርጣለሁ፤ ቅን ልቦናዎን የሚያሳይ ጽሑፍ በመዝገብ ይቀራል። ተቃውሞውን ውድቅ አድርገው እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ እንዳላደረጉ ተስፋ አደርጋለሁ። አድርገው ከሆነና እሱ ይግባኝ ካለ ያለው ጊዜ 7 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ደረጃ የሚቀረው ምርጫ ይዞታውን መልቀቅ ወይም ቪዲዮው እንዲወርድ መደበኛ የሕግ ጥያቄ ማቅረብ ነው። ሁለተኛውን ጠበቃ ሳያዩ በፍጹም አያድርጉ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ እያወቀ ሐሰተኛ የማስወረድ ጥያቄ ያቀረበን ሰው በካሳ ይጠይቃል፤ ይህን መልስ ካነበቡ በኋላ ደግሞ «አላወቅሁም» ማለት ይከብድዎታል።

ሙዚቃው ራሱ ግን አልሞተም። ሉፑ ፈቃድ ካለው በመደብሮቹ ላይ መቆየት ይችላል፤ የሚወጣው ከኮንቴንት አይዲ ብቻ ነው። ሉፑ በመግቢያው ብቻ ያለ ከሆነ አከፋፋዩ ከ0፡00 እስከ 0፡15 ያለውን ከማመሳከሪያው እንዲቆርጠው መጠየቅ ይቻላል፤ ሁሉም አከፋፋይ ግን ይህን አይሠራም፤ ሉፑ ከሥር እስከ መጨረሻ የሚሄድ ከሆነም አይረባም። መግቢያውን በራስዎ ኖታ በሲንተሳይዘር እንደገና ሠርተው አዲስ ቅጂ ማውጣትም ይችላሉ። ያን ጊዜ የሉፑን ዜማ አይድገሙት፤ ድምፁን ቀይረው ዜማውን ካስቀሩት የድርሰቱ መብት እንዳለ ነው። ለአዲሱ ቅጂም አዲስ አይኤስአርሲ ኮድ (የድምፅ ቅጂ መለያ ቁጥር) ያውጡ፤ በአሮጌው ካስገቡት አሮጌው ክርክር ይከተልዎታል።

ለአከፋፋዩ የሚጽፉት መልስ አጭር ይሁን፤ በመግቢያው ያለው ድምፅ በፈቃድ የተወሰደ መሆኑን፣ የፈቃዱን ቅጂ ማያያዝዎን፣ ሥራው ከኮንቴንት አይዲ እንዲወጣና ይዞታው እንዲለቀቅ መጠየቅዎን፣ የታገደው ገቢ ከየትኛው መድረክ ስንት እንደሆነ በዝርዝር እንዲገለጽልዎ። ከመደብሮቹ የመጣው ገቢ በቪዲዮ ይዞታ ከመጣው ስለሚለይ፣ አከፋፋዩን በሚመለከት ክርክር ካለዎት ያለው እዚህ ዝርዝር ላይ ነው። ስለ ሰውየው ስርቆት አንዲት ቃል አይጻፉ። ረቂቁን ከውሉና ከድምፆቹ ዝርዝር ጋር ለጠበቃ አሳይተው፣ ተቃውሞው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 30 ቀኑ ሳይሞላ ይላኩት።