ቡኒ ውሃ ለልጆች ይጠጣል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ መጀመሪያ ቡኒ ሆኖ ይወርዳል፣ አንዳንዴም በረኪና በረኪና ይሸታል። ልጆቼን ላጠጣቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቡኒውን አታጠጪያቸው። ውሃው ጠፍቶ ሲመለስ በአሮጌው የብረት ቧንቧ ውስጥ የተጋገረውን ዝገት ጠራርጎ ያመጣል። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን የማይታየው ነው፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊት ስለሌለ፣ ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ፣ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ፣ ፍሳሽ ጭምር፣ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። እስኪጠራ በባልዲ ያዢው፣ ለሽንት ቤት ይሆናል። የሚጠጣውን ጠርቶም ቢሆን አፍልተሽ ስጫቸው። የበረኪናው ሽታ ጀርም እንዲገድል ውሃው ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ነው፤ ቀለል ያለ ከሆነ አያስደንግጥሽ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ቤት በሚደርስ ውሃ ውስጥ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም እንዲቀር ይመክራል። ሮቶ ካለሽ ክደኚው፣ እጠቢው፤ ውሃው ሲቆይ ክሎሪኑ ያልቃል።