ዩሪያውን ለሁሉም እኩል አያካፍሉት

እኅቴ፣ «በግቢዬ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ጽጌረዳና ቅጠሉ ቢጫ የሆነ አንድ የሎሚ ዛፍ አለኝ፤ አንድ ኪሎ ዩሪያ ገዝቻለሁና ለሁሉም እኩል ላካፍለው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት «ትንሽ ትንሽ ጣል ያድርጉበት» የሚል ምክር ተሰጥቶዎት አይቻለሁ፤ እባክዎ አይቀበሉት። የእርስዎም ግቢ እንደ እኔው ቀይ አፈር ያለው የአዲስ አበባ ግቢ ይመስለኛልና ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ የገዙት ነገር በእርግጥ ዩሪያ መሆኑን ያረጋግጡ። ከጆንያው ወጥቶ በፌስታል እየተመዘነ የሚሸጥ ማዳበሪያ ምንነቱ የሚታወቀው በሻጩ ቃል ብቻ ነው፤ እኔንም ያከሰረኝ ይኸው ነው። ችግኝ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ገብቼ ለቲማቲም ፍሬ የሚሆን ማዳበሪያ ብጠይቅ፣ ነጭ ቅንጣት በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ፤ ስሙን ስጠይቅ «ማዳበሪያ ያው ማዳበሪያ ነው» ተባልኩ። ቲማቲሙ እስከ ደረቴ አደገ፣ ቅጠሉ ጥቁር እስኪመስል ለመለመ፤ ፍሬው ግን ለአንድ ድስት ወጥ እንኳ አልበቃም። የተረፈውን ቅንጣት ይዤ ምንነቱን ለማወቅ ወደ አንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት ብሄድ፣ ባለሙያው ፌስታሉን ሳይፈታ «ይህ የአርሶ አደር ጉዳይ ነው፤ የከተማ ሰው ጊዜያችንን አያባክንብን» ብሎ መለሰኝ። ጓሯችሁን አልሙ እየተባለ በሚቀሰቀስበት በዚህ ዘመን፣ ያለማ ሰው ለአንድ ጥያቄ እንዲህ መመናጨቁ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መልሱን ያገኘሁት ገጠር ካሉት አጎቴ ነው። በስልክ «አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረህ አማስለው፤ ከዚያ ብርጭቆውን በእጅህ ንካው» አሉኝ። ቅንጣቱ ዝቃጭ ሳይተው ሟሟ፤ ብርጭቆውም ከማቀዝቀዣ የወጣ እስኪመስል ቀዘቀዘ። ዩሪያ ነበር። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ቢሆን ኖሮ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፣ ዝቃጭም ይተዋል። እርስዎም ዛሬውኑ ይሞክሩት።

ሁለተኛ፣ ከየተክሉ የሚፈልጉት ቅጠሉን ነው ወይስ ፍሬውን፣ እሱን ይለዩ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ፎስፈረስም ሆነ ፖታሽ የለበትም፤ ስለዚህ የሚያሳድገው ቅጠል ነው። ከኪሎዎ ውስጥ ዋናው ድርሻ የጎመኑ ነው ማለት ነው። በሄክታር 100 ኪሎ የሚባለው መጠን ወደ ጓሮ ሲመለስ በካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት ተኩል ደልዳላ የሻይ ማንኪያ ይሆናል። ግማሹን ችግኙ ከተዛወረ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ቀሪውን ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ ይስጡት። ከግንዱ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርገው ቦይ ይጫሩ፣ ይበትኑበት፣ አፈር ይመልሱበትና ወዲያው ውኃ ያጠጡ፤ ላይ ላዩን ከተተወ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይተናል። ጠዋት ጤዛ ሳለ አይበትኑ፤ ቅንጣቱ እርጥብ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ያቃጥለዋል።

ቲማቲም በመጀመሪያ የሚሻው ፎስፈረስ ነው፤ ኤንፒኤስ 38 በመቶ ፎስፌት (የፎስፈረስ ውሕድ) አለው። ቀይና አሲዳማ አፈራችን ፎስፈረሱን ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር ስለሚያስረው፣ ከላይ የተበተነው ሥሩ ዘንድ አይደርስም፤ ችግኙ ከመተከሉ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ ከጉድጓዱ አፈርና ከበሰለ ኮምፖስት ጋር በደንብ ይደባለቅ። ኤንፒኤስ ካላገኙ ኮምፖስቱን አብዝተው፣ ፍሬው የሽምብራ ያህል ሲሆን ለእያንዳንዱ ግንድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ይበቃዋል። የከሰል አመድ ለፖታሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አያገናኙት፤ ናይትሮጅኑን ያባርረዋል። እኔ በዚህ መንገድ ካደረግሁ ወዲህ ቲማቲም ከገበያ ገዝቼ አላውቅም፤ ጎረቤቶቼም ዘሩን ከእኔ ይወስዳሉ።

ጽጌረዳውን ከገረዙት በኋላ ኮምፖስት ያልብሱት፤ ዩሪያ ካበዙበት ቅጠል ብቻ ነው የሚያተርፉት። የዶሮ ኩስ ካለዎት ወራት ሳይቆይ አይጠቀሙበት፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ወደፊት ባቄላ ወይም አደንጓሬ ቢዘሩ ደግሞ ናይትሮጅኑን ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ራሱ ስለሚያዘጋጅ ዩሪያ አያባክኑበት።

ሎሚው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀጫጭን ሥሮቹ ያሉት የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚያጠላበት ዙሪያ ስለሆነ፣ ግንዱ ሥር የሚከመር ማዳበሪያ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ደግሞም ቢጫ የሆነ ሁሉ ዩሪያ አይሻም፦ ከታች ያረጁት ቅጠሎች በሙሉ ከገረጡ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ አዲሶቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን የብረት እጥረት ሊሆን ስለሚችል ዩሪያ አይረዳውም። የትኞቹ እንደሆኑ አላብራሩምና ከአሮጌውም ከአዲሱም አንዳንድ ቅጠል ፎቶ አንሥተው ይለጥፉልን፤ እስከዚያ ድረስ ሎሚው ላይ ምንም አይጨምሩ።