እህቴ፣ ኤክስካቫተሩን ገና አትጥሪ

"ሰፎክ ውስጥ ዙሪያውን የውሃ ቦይ ያለው የድሮ እርሻ ገዛን፤ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) አርኪዮሎጂስት ቆሞ ካላየ አትቆፍሩም አለን፤ የግድ ነው ወይ?" ላልሽው፣ አዎ የግድ ነው። እኛም ኤሴክስ ውስጥ እንዲሁ ያለ ቦታ ላይ ጎተራ ወደ መኖሪያ ቤት ስንቀይር ፍዳችንን አይተናል።

1. ካውንስሉ ሰው ይልክልኛል ብለሽ አትጠብቂ። እዚህ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የአርኪዮሎጂውን ወጪ የሚከፍለው አልሚው፣ ማለትም ግንባታውን የሚያካሂደው ሰው ነው። አርኪዮሎጂስት ራስሽ ትቀጥሪያለሽ፤ የሥራ ዕቅድ ይጽፋል፤ ካውንስሉን የሚያማክረው አርኪዮሎጂስት አይቶ ሲስማማበት ይጸድቃል።

2. ዕቅዱ ሳይጸድቅ አንድ አካፋ አፈር አታንሺ። እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው። ማሽኑን በቀን ሒሳብ ተከራይቼ ስለነበር ቆሞ ከሚበላኝ ብዬ የፍሳሽ መስመሩን አስቆፈርኩ። ለካ ድሮ ተደፍኖ ሣር የበቀለበት የቦዩ አንድ ጎን እዚያው ኖሯል! ጥቁር የሚሸት ጭቃ ወጣ። ሥራው ስድስት ሳምንት ቆመ፤ የቤት ኪራይና የባንክ ዕዳ አንድ ላይ እየከፈልን። ካውንስሉ ቢሮ ሄጄ ላስረዳ ስል እንግዳ ተቀባዩ ወረቀቴን እንኳ ሳያይ "ማንበብ አትችልም?" አለኝ፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስድቡ ግን አይገባኝም ነበር።

በኋላ የቀጠርናት አርኪዮሎጂስት ግን ሌላ ሰው ናት። ማሽኑ ጥርስ በሌለው ሰፊ ባልዲ አፈሩን በስሱ ሲገፍፍ አጠገቡ ቆማ ታያለች፤ እጇን ስታነሳ ይቆማል። እንዲህ በውሃ ቦይ የተከበበ ቦታ በእንግሊዝ ወደ 6,000 እንደሚታወቅ፣ አብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1250 እስከ 1350 ባለው ጊዜ እንደተሠራ፣ ብዙው ከመከላከያነት ይልቅ የባለቤቱን ክብር ለማሳየት እንደነበር ያስረዳችኝ እሷ ናት። ውሃ ያዘለ ጭቃ አየር ስለማያስገባ ቆዳና እንጨት ሳይበሰብስ ይቆያል። እኔ ካስቆፈርኩት አፈር ውስጥ የትንሽ ልጅ ጫማ ሶል አወጣች። ግማሹን የማሽኔ ጥርስ ቀዶታል። መዳፌ ላይ ስታኖርልኝ አለቀስኩ። አሁን ሪፖርቱ ላይ ፎቶው አለ፤ ለእንግዳ ሁሉ አሳያለሁ።

3. ቦታሽ በብሔራዊው የቅርስ መዝገብ ላይ እንደ ጥብቅ ሐውልት (scheduled monument፣ ማለትም በሕግ የተጠበቀ ጥንታዊ ቦታ) ተመዝግቦ እንደሆነ ዛሬውኑ እዪ። ከሆነ የካውንስሉ ፈቃድ ብቻ አይበቃሽም፤ ለብቻው የመንግሥት ፈቃድ ሳይኖር መቆፈር እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሕግ ወንጀል ነው። ዋጋ ስትጠይቂ ደግሞ ሪፖርቱና የተገኙት ዕቃዎች ጥናት እንዲካተት በጽሑፍ አስደርጊ። ሪፖርቱ ለካውንስሉ ካልገባ ፈቃዱ ላይ ያለው የአርኪዮሎጂ ግዴታ አይዘጋም፤ ቤቱን ልትሸጪ ስትይ የገዢው ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።