የመጀመሪያ ትሪፖድ ልትገዙ ላላችሁ፦ ጠይቁ፣ እስከ ማታ አለሁ

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ስለ ትሪፖድ (ካሜራ ስለሚቆምበት ባለ ሦስት እግር) ጠይቁኝ። ስለ ትሪፖድ ብቻ ነው፣ ካሜራ የቱ ይሻላል የሚል ጥያቄ አልመልስም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ መሀል ላይ ያለችውን ዘንግ ለቁመት ብላችሁ አታውጧት። ይቺን ዛሬ አስር ጊዜ እንደምደግማት አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ የቱ ትሪፖድ ነው አሪፍ?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በምን ካሜራ? አሟልተህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ካኖን 250ዲ ከኪት ሌንሱ ጋር አለኝ፣ መልክዓ ምድርና የማታ ፎቶ ነው የማነሳው፣ በጀቴ መካከለኛ ነው። ሻጩ "ይሄ 8 ኪሎ ይሸከማል" አለኝ፣ ልውሰደው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። 8 ኪሎውን እርሳው፣ ቁጥሩን የሚጽፈው ፋብሪካው ራሱ ነው፣ ደግሞ መሸከምና አለመንቀጥቀጥ ለየቅል ናቸው፣ የኛ ቤት የሚወዛወዝ ወንበርም 80 ኪሎ ይሸከማል። ያንተ ካሜራ ከነሌንሱ አንድ ኪሎ አይሞላም ስለዚህ ክብደት አያስጨንቅህ። የራስህን ካሜራ ይዘህ ሱቅ ሂድ። እግሮቹን እስከ መጨረሻው ዘርጋ፣ ዘንጓን ግን አትንካ፣ ከዛ ካሜራው የሚቀመጥበትን ቦታ ይዘህ የማር ጠርሙስ ክዳን እንደምትከፍት ቀኝና ግራ ጠምዝዘው። እግሮቹ አብረው ከተጠመዘዙ መልስለት። ካለፈ ካሜራውን ሰክተህ ላይቭ ቪው (ምስሉን ስክሪኑ ላይ የሚያሳይህ) ላይ 10 እጥፍ አጉላና ራቅ ያለ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ አነጣጥር፣ አንዱን እግር በጣትህ መታ አድርገህ ምስሉ እስኪረጋ ቁጠር። ሁለት ሳትል ከረጋ ጥሩ ነው፣ አምስት ከደረስክ የማታ ፎቶ ይቅርብህ። መጨረሻ ላይ ቦል ሄዱን (ካሜራው የሚሰካበትን፣ በኳስ የሚዞረውን አናት) አጥብቀህ እጅህን አንሳ፣ ፍሬሙ ቀስ ብሎ ወደ ታች ከወረደ ያ ሄድ ዕድሜ ልክህን ያናድድሃል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ምንም አይደል፣ ብሩ ያንተ ነው።

ጥያቄ፦ ስንት ብር ይይዛል?

መልስ፦ ዛሬ የምነግርህ ሰኞ አይሠራም። ሦስት ሱቅ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ዘንጓን ለምንድነው እንዲህ የጠመዷት? እኔ ቁመቴ 1.85 ነው፣ ያየሁት ትሪፖድ ያለ ዘንጓ 1.40 ላይ ነው የሚያልቀው፣ ጎንበስ ብዬ ልኑር?

መልስ፦ ሦስት እግር ገዝተህ በአንድ እግር ለማንሳት ነው ዘንግ የምታወጣው። አንድ ጊዜ እንጦጦ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ የከተማው መብራት ሳይጠፋ ሰማዩ ሲቀላ ላንሳ ብዬ ዘንጓን ከፍ አደረግኩ፣ እንዳይነቃነቅ ደግሞ ቦርሳዬን ከዘንጓ ስር ያለው መንጠቆ ላይ ሰቀልኩ። ነፋሱ ቦርሳውን ዥዋዥዌ ያጫውተው ነበር፣ በጨለማ አላየሁትም። ቤት ገብቼ ሳየው ከ40 ፍሬም አንድም የጠራ የለም። ቦርሳ ከሰቀላችሁ ታችኛው ጫፉ መሬት ይንካ። ያንተን ቁመት በተመለከተ፣ ዓይንህ ከአናትህ 12 ሴንቲ ገደማ ይወርዳል፣ ሄዱና ካሜራው ደግሞ 18 ያህል ይጨምራሉ፣ ስለዚህ እግሮቹ ብቻቸውን 1.55 አካባቢ ቢደርሱ ቀጥ ብለህ ታያለህ። ስክሪኑ የሚገለበጥ ካሜራ ካለህ 1.40 ይበቃሃል። እግሩ ባለ ሦስት ክፍል ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ባለ አራትና አምስቱ ሲታጠፍ ያጥራል ግን የመጨረሻዋ ቱቦ እርሳስ ነው የምታክለው።

አንድ አባል፦ ዝም ብላችሁ ካርቦን ግዙ፣ ቀላል ነው፣ ንዝረትም ቶሎ ያጠፋል።

ሌላ አባል፦ ካርቦን ድንጋይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ አሉሚኒየም ቢበዛ ይጎደጉዳል።

የመጀመሪያው፦ አንተ አሉሚኒየምህን ተሸክመህ ሰሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃበር ጨነቅ በእግርህ ሂድና እንተያያለን።

ሁለተኛው፦ በቅሎ አለ እኮ ወንድሜ 😂

መልስ፦ በቅሎውን ለሌላ ቀን አቆዩት። በመካከለኛ በጀት ጥሩ አሉሚኒየም ከርካሽ ካርቦን ይበልጣል፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ለሠርግ ቪዲዮም ይሆነኛል?

መልስ፦ ቪዲዮ መስኬ አይደለም፣ የሠርግ ልጆች ይመልሱልህ።

የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራ አባል፦ ቦል ሄድ ላይ ፓን ስታደርግ (ካሜራውን ወደ ጎን ስታዞር) ይዘልብሃል፣ አዟዟሩን የሚያለሰልስ ፍሉድ ሄድ ያስፈልግሃል።

ሌላ አባል፦ ጂምባል (በእጅ የሚያዝ የካሜራ ማረጋጊያ) እያለ ማን ትሪፖድ ይሸከማል?

የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራው፦ የተክሊል ሥርዓቱን ሙሉውን በጂምባል ያዝና ክንድህን ማታ እንጠይቀዋለን።

መልስ፦ ጂምባል ብያለሁ እንዴ እኔ? ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እህቴ ከዱባይ ልታመጣልኝ ነው፣ ምን ብዬ ልዘዛት?

መልስ፦ ጎሽ፣ ይሄን ማንም አይጠይቅም። ካሜራው ስር የምትታሰረው ፕሌት አርካ የሚባለው ዓይነት ይሁን በያት፣ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል። አንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ብቻ የሚቀበል ፕሌት ነው የሚሠራው፣ ማንፍሮቶ እንኳ ብዙ ሄዶቹ ላይ የራሱ ቅርጽ ነው ያለው። ትሪፖዱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ያቺ ፕሌት የጠፋች ቀን ግን ምትክ ፍለጋ ትንከራተቻለሽ። እኔ አንዷን ፕሌት የተከራየሁት ካሜራ ስር ረስቼ መልሼዋለሁ፣ ትሪፖዴ ሁለት ወር ቤት ተቀመጠ። ስለዚህ ትርፍ ፕሌት አብራ ትግዛ። ብሎኗ ሩብ ኢንች ናት፣ ካሜራሽ ላይ ትገባለች። ደግሞ ዘንጓን እንዳታወጪ።

ጥያቄ፦ ዳሎል ልንሄድ ነው፣ ጨው ያበላሸዋል?

መልስ፦ ያበላሸዋል። ጨዋማ ውሃ ላይ ስታቆመው ታችኛዋን ክፍል መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውጣ፣ መገጣጠሚያዋ ከውሃው በላይ ይሁን። ስትመለስ በንጹህ ውሃ እጠበው፣ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ጥያቄ፦ የቱ ትሪፖድ ነው ግን አሪፍ?

መልስ፦ አንተ ጠዋት የጠየቅከው ነህ? አሁንም ካሜራህን አልነገርከኝም።

ጥያቄ፦ ትሪፖድ ገዝቼ አሁንም ፎቶዬ ይደበዝዛል፣ የማታ ነው፣ ሹተሩ 4 ሴኮንድ።

መልስ፦ ሹተሩን በጣትህ ነው የምትጫነው? ባለ 2 ሴኮንድ ታይመር ተጠቀም። ሌንሱ ላይ ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ) ካለ አጥፋው፣ አንዳንዱ ትሪፖድ ላይ ሲሆን ራሱ ነው የሚያንቀጠቅጠው። ዘንጓስ?

ጠያቂው፦ ወጥታለች፣ ግን ትንሽ ብቻ ነው ጋሼ።

መልስ፦ አስገባት።